ግሬስ ሆፐርና የመምሪያው መጽሐፍ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። ይህ ተረት ስለ ርስት ክርክርና ስለ ነገሥታት ታሪክ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። ለኮምፕዩተርም እንደሚሠራ የተረዳነው በዩኒቨርሲቲ ሳለን ነው። አንድ ቀን ከባልንጀሮቻችን ጋር አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ልንማር ተቀመጥን፤ መምሪያው መጽሐፍ የሚለውን ሁሉ አንዲት ፊደል ሳናጓድል ጻፍን፤ መኪናው ግን እምቢ አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው እያልን ግማሹን ቀን ራሳችንን ስንወቅስ አሳለፍን። በመጨረሻ ስንመረምረው ለካ ቋንቋው አዲስ እትም ወጥቶለት ኖሮአል፤ መጽሐፉ ግን በአሮጌው እትም ላይ እንደ ቆመ ቀርቶአል። ቋንቋው ወደ ፊት ሄደ፣ መጽሐፉ ወደ ኋላ ቀረ፣ በመካከል የተጎዳው አንባቢው ሆነ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን የመምሪያ መጽሐፍ ነገር በቀላሉ ማየት ትተናል። ለዛሬው እሑድም የመረጥነው የአሜሪካን ባሕር ኃይል አድሚራል የነበረችውን የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት የኮምፕዩተርን ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ ስላቀረበች ነው። እኛ ግን ከዚሁ ጋር ተያይዞ ያለውንና እምብዛም ያልተወራለትን ሥራዋን እንመለከታለን፤ ይኸውም መምሪያ መጽሐፍን መጻፍና ቋንቋው በተለወጠ ቍጥር መጽሐፉንም ማደስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሰባቱ ሰዓቶች

ግሬስ ሆፐር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደች። አባትዋ ዋልተር መሪ ይባል ነበር፤ ሆፐር የሚለውን ስም ያገኘችው በኋላ በጋብቻ ነው። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሆናት የሚቀሰቅስ ሰዓት እንዴት እንደሚደውል ለማወቅ ፈለገችና አንዱን ፈታችው። መልሳ መግጠም ስላቃታት ነገሩን ለመረዳት ሁለተኛውን ፈታች። እንዲህ እያለች በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ሁሉ በታተነቻቸው። እናትዋም ይህን ባወቀች ጊዜ ከዚያ ወዲያ የምትፈታው ሰዓት አንድ ብቻ እንዲሆን ወሰነችላት።

አባትዋ በሕመም ምክንያት ሁለት እግሮቹን ያጣ ሰው ነበር። ሴቶች ልጆቹም እንደ ወንዱ ልጁ ተምረው በራሳቸው ጕልበት እንዲኖሩ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ግሬስም ይህን ምኞት አላሳፈረችም። በ1928 ዓ.ም. ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀች፤ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ዓ.ም. የማስተርስ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የዶክተርነት ማዕረግ በሒሳብ ተቀበለች። በዚያን ዘመን በሒሳብ ዶክተር የሆነች ሴት ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከ1931 ዓ.ም. ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ስታስተምር አንድ ልማድ ነበራት። ተማሪዎችዋን ስለ አንድ የሒሳብ ቀመር ድርሰት እንዲጽፉ ታዛቸዋለች፤ ድርሰቱንም ሒሳቡን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውን ጭምር ታርማለች። ተማሪዎቹ እኛ የመጣነው ሒሳብ ልንማር ነው እንጂ እንግሊዝኛ ልንማር አይደለም ብለው አጕረመረሙ። መምህርትዋ ግን ያወቁትን ለሌላ ሰው ማስረዳት ካልቻሉ ሒሳብ መማራቸው ጥቅም እንደሌለው ነግራ አሰናበተቻቸው። ይህ ነገር በወጣትነት ዘመንዋ የሆነ ነው፤ ወደ ፊት እንደምናየው ግን የሕይወትዋ ሁሉ መርሕ ሆኖ ቀረ።

መጻፍ አልችልም ያለችው መጽሐፍ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግሬስ ሆፐር ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት አመለከተች። ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ ነው፤ ክብደትዋም ከተወሰነው ልክ በ7 ኪሎ ያህል ያንስ ነበር። ቢሆንም በልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 1943 ዓ.ም. ተቀባይነት አገኘች። ከመኮንንነት ትምህርት ቤት አንደኛ ሆና ከተመረቀች በኋላ በጁላይ 1944 ዓ.ም. ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተላከች። በዚያም ማርክ አንድ የሚባለውን የሒሳብ መኪና አየች።

ያ መኪና ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ክብደቱም 5 ቶን ያህል ነበር። በአንድ ሰኮንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ ለአንድ ማባዛት ግን 6 ሰኮንድ፣ ለአንድ ማካፈል 15 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ለዚያ ዘመን ግን ታላቅ ድንቅ ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ሲሆን፣ ለመርከቦችና ለመድፎች የሚያስፈልገውን ሒሳብ ሌሊትና ቀን ይሠራ ነበር።

የመኪናው አባት ኮማንደር ሃዋርድ አይከን ኮስታራ አለቃ ነበር። ግሬስ ገና እንደ ገባች አንድ ከባድ ሒሳብ ሰጣትና በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርሺ አላት። መኪናውን እንዴት እንደሚያዙት ያስተማሩዋት ከእርስዋ በፊት የገቡት ሁለት ወጣት መኮንኖች ሮበርት ካምቤልና ሪቻርድ ብሎክ ናቸው። ዕውቀቱ ያለው በእነዚህ በጥቂቶች ራስ ውስጥና በየግላቸው በያዙት ደብተር ብቻ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ሥራ ቢዛወር የዚያን ያህል ዕውቀት አብሮት ይሄድ ነበር።

ስለዚህ አይከን አንድ ቀን ጠራትና ስለዚህ መኪና መጽሐፍ ትጽፊያለሽ አላት። እርስዋም መጽሐፍ መጻፍ አልችልም ብላ መለሰች። አለቃው ግን አሁን የባሕር ኃይል መኮንን መሆንዋን አስታወሳትና ነገሩን በዚያው ዘጋው። በወታደር ቤት ይህ ማለት ትእዛዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀን ሒሳቡን እየሠራች ትጽፋለች፤ ሲመሽ የጻፈችውን ለአይከን ታነብለታለች፤ እርሱም ያርማል፤ በማግሥቱ እንደ ገና ትጽፋለች። ተማሪዎችዋን ድርሰት ስታጽፍ የነበረችው መምህርት እነሆ በተራዋ ተማሪ ሆነች።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ሆኖ በ1946 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም አልወጣም፤ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች የጋራ ሥራ ተብሎ ነው የወጣው። በውስጡ የሒሳብ መኪናዎች ታሪክ፣ የመኪናው ክፍሎች፣ ትእዛዝ አሰጣጡና የተሠሩ ምሳሌዎች ተዘርዝረዋል። እንዲህ ላሉት መኪናዎች ከተጻፉት መምሪያ መጻሕፍት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው። በሃርቫርድ ግድግዳ ውስጥ ታጥሮ የነበረው ዕውቀት በዚህ መጽሐፍ ወደ ውጭ ወጣ።

በዚያው ቤተ ሙከራ የዕለት መዝገብ መያዝ ጥብቅ ልማድ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 9 ቀን ማርክ ሁለት የተባለው ተከታይ መኪና ሥራ ቢያቆም፣ ሠራተኞቹ ሲፈልጉ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አገኙ። ከመዝገቡም ላይ ለጥፈው ነገሩን ጻፉበት። እራትዋን ያገኘችው ግሬስ ሆፐር ናት የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ልክ አይደለም፤ እርስዋ ታሪኩን እየደጋገመች ለዓለም ያሰማች ናት። በመኪና ውስጥ ያለን ስሕተት ተባይ ብሎ መጥራትም ከዚያ በፊት የነበረ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነው፤ ያን ቀን ስሕተቱን ባይጽፉት ኖሮ ያቺ መዝገብ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ተቀምጣ ባልታየች ነበር።

ከደብተር ወደ ኮምፓይለር

በ1949 ዓ.ም. የሃርቫርድ ሥራዋ አበቃ። ወደ ፊላዴልፊያ ሄዳ ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፕዩተር በሚሠራው ኩባንያ ገባች፤ ኩባንያውንም በማግሥቱ ዓመት ሬሚንግተን ራንድ ገዛው። በዚያ ያየችው ችግር ከሃርቫርድ ጀምሮ የምታውቀው ነበር። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ተፈትኖ የሠራውን የትእዛዝ ቍራጭ ከባልንጀራቸው ደብተር በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ሲገለብጡ ፊደል ይስታሉ፤ የቦታ ቍጥሩን ሲለውጡ መደመር ይሳሳታሉ። ጥንት መጻሕፍት በእጅ ሲገለበጡ የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ለተከታዩ እንደሚተርፍ ያለ ነገር ነበር።

ግሬስ ሆፐር መገልበጡንና መደመሩን ሰው ከሚሠራው ራሱ መኪናው ቢሠራው ይሻላል ብላ አሰበች። በ1951 እና በ1952 ዓ.ም. መካከል ኤ-ዜሮ የተባለውን ሥራ አዘጋጀች። ቍራጮቹ በጥብጣብ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው መጥሪያ ቍጥር ያገኛሉ፤ ሰው ቍጥሩን ሲጽፍ መኪናው ራሱ ፈልጎ ያቀናብራቸዋል። ይህንኑ ኮምፓይለር ብላ ጠራችው። ብዙዎች አላመኑዋትም፤ ኮምፕዩተር ሒሳብ ከመሥራት በቀር ፕሮግራም ሊያዘጋጅ አይችልም እያሉ ይከራከሩዋት ነበር።

ከኤ-ዜሮ ቀጥሎ ኤ-አንድ፣ ከዚያም ኤ-ሁለት መጣ። ኤ-ሁለት በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ለዩኒቫክ ደንበኞች ሲታደል፣ ኩባንያው የውስጡን አሠራር ሳይሰውር አብሮ ሰጣቸው፤ ያሻሻሉትንም መልሰው እንዲልኩ ጠየቃቸው። ከዚህ ወዲህ የአዲስ እትም ዝግጅት የኩባንያው ሠራተኞች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የሚጠቀምበት ሰው ሁሉ አራሚ እንዲሆን ተጠራ። ዛሬ ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚያድጉት በዚሁ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ያሰበችው ደግሞ ከዚህ የባሰ ድፍረት መሰለ። የንግድና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሒሳብ ምልክት አይወዱም፤ ስለዚህ ለመኪናው በእንግሊዝኛ ቃላት ይዘዙት አለች። ኮምፕዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም ተባለች። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአለቆችዋ ባቀረበችው ጽሑፍ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም ያንኑ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጽፋ አሳየች። ለመኪናው ሁሉም ምልክት ነውና ልዩነት የለውም ለማለት ነበር። አለቆቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ መኪና ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ እንዴት ይችላል ብለው ደነገጡ። ሥራው እንዲቀጥል የተደረገው በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል ከገባች በኋላ ነው። ይህን ስናነብ ሳቅም ቍጭትም ተሰማን። ያ ሐሳብ በዚያን ጊዜ ባይዘጋ ኖሮ የሌላው ሕዝብ ቋንቋ ምን ዕድል ይኖረው ነበር ብለን ጠየቅን። የእንግሊዝኛው ሥራ ግን ተፈጽሞ ፍሎማቲክ በሚል ስም ለደንበኞች ወጣ።

ኮቦልና እትሞቹ

በ1959 ዓ.ም. ሌላ ጭንቀት መጣ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቋንቋ ስላወጣ፣ መኪና የለወጠ መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ ገና ማጻፍ ግድ ይሆንበት ጀመር። በሜሪ ሆውስ አነሣሽነት በኤፕሪል ወር በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ግሬስ ሆፐርም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በሜይ ወር ደግሞ በመከላከያ ሚኒስቴሩ በፔንታገን ሰፊ ጉባኤ ተደረገ። ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ የንግድ ቋንቋ ይዘጋጅ ተብሎ ተወሰነ። ስሙም ኮቦል ተባለ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። ግሬስ ሆፐር የኮቦል እናት ትባላለች፤ የቋንቋውን ዝርዝር ጽፈው የጨረሱት ግን ጂን ሳሜት፣ ገርትሩድ ቲርኒ፣ ሃዋርድ ብሮምበርግና ሌሎች ሦስት ባልደረቦቻቸው፣ በጠቅላላው ስድስት ሰዎች ናቸው። እርስዋ ለበላዩ ኮሚቴ አማካሪ ነበረች። ይሁን እንጂ ስድስቱ ሲጽፉ በፊታቸው የነበረው፣ በሥራ ላይ ውሎ የተፈተነው ምሳሌ የእርስዋ ፍሎማቲክ ነበር። ልጁ የብዙዎች ቢሆንም መልኩ የእርስዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኮቦል ሰነድ በኤፕሪል 1960 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። በመግቢያው ላይ አንድ አስደናቂ ፈቃድ ሰፍሮአል፤ ማንኛውም ድርጅት ሰነዱን በሙሉም ሆነ በከፊል ሊያባዛው፣ መማሪያና መምሪያ መጽሐፍም ሊያዘጋጅበት ይችላል፤ የሚጠየቀው ያንን የምስጋና ቃል በመጽሐፉ መግቢያ እንዲያወጣ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ ሠርቶ ታየ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። የመጀመሪያው ሰነድ በጥድፊያ የተጻፈ ስለ ሆነ ጕድለት ተገኘበት፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጕም ይሰጥ ነበር። ሰው ቢሆን ጠይቆ ይረዳል፤ መኪና ግን አይጠይቅም። ስለዚህ በ1961 ዓ.ም. የታረመ እትም ወጣ፤ በ1963 ዓ.ም. ተጨመረበት፤ በ1965 ዓ.ም. እንደ ገና ታተመ፤ በ1968 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። አዲሱ እትም ከአሮጌው ጋር በሁሉ ስለማይስማማ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ምን እንደ ተጨመረ፣ ምን እንደ ተሰረዘ፣ ምን እንደ ተለወጠ ለይቶ መጻፍ አስፈለገ። ይህን ሥራ የሠሩት ሰዎች ስም ብዙ አይነሣም። ጽሑፋቸው ባይኖር ኖሮ ግን ቋንቋው በየኩባንያው ተከፋፍሎ ይጠፋ ነበር።

ጡረታ የማይቀበላት መኮንን

ግሬስ ሆፐር በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ በዕድሜ ምክንያት ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጣች። ሰባት ወር ያህል ሳይሞላት ግን ኦገስት 1967 ዓ.ም. ለስድስት ወር ብቻ ተብላ ተመልሳ ተጠራች። ምክንያቱ ኮቦል ነበር። በስም አንድ ቋንቋ ቢሆንም እያንዳንዱ ኩባንያ ከራሱ ጨምሮበት፣ ከሰነዱም ቀንሶለት ነበር። የሁሉም ሻጭ መጽሐፍ ይህ ኮቦል ነው ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲሻገር ይወድቃል።

የእርስዋ ክፍል ያገኘው መድኃኒት ቀላልና ብርቱ ነበር። የደረጃ ሰነዱን እንደ ሚዛን ቈጥረው፣ በሰነዱ ያሉትን ትእዛዞች አንድ በአንድ የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ሻጩ ኮምፓይለሬ እትሙን ያከብራል ካለ ፈተናው ይሰጠዋል፤ ያልሠራው ትእዛዝ ወዲያው ይታወቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ፈተና ከባሕር ኃይል አልፎ ለፌዴራል መንግሥት ግዢም ዋለ። ቀድሞ መጽሐፉ መኪናውን ይከተል ነበር፤ አሁን መኪናው መጽሐፉን እንዲከተል ሆነ። በሃርቫርድ መጽሐፍ መጻፍ አልችልም ካለችበት ቀን እስከዚህ ድረስ ያለውን ርቀት አንባቢ ራሱ ይለካው።

ስድስት ወር የተባለው አገልግሎት ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ። በ1973 ዓ.ም. ካፒቴን፣ በ1983 ዓ.ም. ኮሞዶር ሆነች፤ ማዕረጉም በ1985 ዓ.ም. አድሚራል ተባለ። በእነዚህ ዓመታት ወጣቶችን በማስተማር አገሩን ዞረች። 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የሽቦ ቍራጭ ለአድማጮችዋ ታድላለች፤ ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰኮንድ የሚሄደው መንገድ ይህን ያህል ነው ብላ ታስረዳ ነበር። በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅላ፣ ልማድ ስለ ሆነ ብቻ አንድን ነገር መከተል ስንፍና መሆኑን ታሳይበት ነበር። ሰባት ሰዓት የፈታችው ልጅ በስተርጅናም ከሰዓት ጋር ጨዋታዋን አላቋረጠችም።

በኦገስት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. በ79 ዓመትዋ በቦስተን ወደብ በኮንስቲትዩሽን መርከብ ላይ ተሰናበተች። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጦር በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች በዕድሜ ትልቅዋ ነበረች። ከዚያም በአንድ የኮምፕዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆና ስትሠራ ቆይታ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዓ.ም. በ85 ዓመትዋ ዐረፈች። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደር ክብር ተቀበረች። በስምዋ የተጠራ የጦር መርከብ በ1997 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳይ ከሞተች በኋላ ተሰጣት።

የቀረው ትምህርት

በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ በበረታ ጊዜ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ አገረ ገዢ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች እንዲረዱ በአደባባይ ጠየቀ። ሥራ ያጡ ሰዎች ድጎማ የሚከፈልበት የመንግሥት ፕሮግራም በዚያ አሮጌ ቋንቋ የተጻፈ ነበርና። ሥራ ፈትቶ ቤቱ የተቀመጠ አባወራ የልጆቹ እንጀራ የተንጠለጠለው ከስድሳ ዓመት በፊት በተጀመረ ቋንቋ ላይ ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የፕሮግራሙ ጸሐፊ በሕይወት ላይኖር ይችላል፤ ሊናገር የሚችለው መጽሐፉ ብቻ ነው። ኮቦልም እስከ 2023 ዓ.ም. ድረስ አዲስ እትም ሲወጣለት፣ ሰነዱም አብሮ ሲታደስ ቆይቶአል።

በአገራችንም ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች እየበዙ ናቸው። ፕሮግራሙን ጨርሶ መምሪያውን ለነገ ማሳደር የሁላችንም ድካም ነው፤ እኛም ከዚህ ነጻ ነን አንልም። ነገር ግን አዲስ እትም አውጥቶ አሮጌ መጽሐፍ መተው፣ በርን ቀይሮ የአሮጌውን በር ቍልፍ ለእንግዳ እንደ መስጠት ነው። ግሬስ ሆፐር መጽሐፉን በፍቅር አልጀመረችውም፤ በትእዛዝ ጀመረችው፤ ሲያልቅ ግን ከሥራዋ ሁሉ የማይለይ ሆነ። እንግዲህ አዲስ እትም ለማውጣት ለተሰናዳው ወጣት የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ መኪናው ሠራ ብሎ ከመደሰቱ በፊት፣ ማታ ሲመሽ የጻፈውን መምሪያ ለሌላ ሰው ያንብብለት። ያ ሰው ከገባው ሥራው ያን ጊዜ ተፈጸመ።